ለሁለት አምስት ጉዳይ

ሐሙስ ጅማ የገበያ ቀን ነው። ገና ሳይነጋ ከየገጠሩ ሰዉ፣ አህያው፣ ጋሪው ወደ ሂርማታ ገበያ ይጎርፋል። እኔ በዚያ ሰዓት የቡና መጋዘን ጥግ ባለች ጠባብ ቢሮ ቁጭ ብዬ የቤት ሥራዬን የመጨረሻ አንቀጽ አስተካክላለሁ። ከኋላዬ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ኬሻ አለ። ክፍሉ ጀንፈል ጀንፈል ይሸታል፤ ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ማለት ነው። ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ሳምንቱ ይዘጋል። ካልላክኩ አለቀ።

የምማርበት ዩኒቨርሲቲ አሜሪካ ነው። ሳምንቱ የሚያልቀው በነሱ ረቡዕ ሌሊት፣ ለስድስት አምስት ጉዳይ ላይ ነው። እነሱ ረቡዕን ሲዘጉ እኛ ሐሙስን ከፍተን ቁርስ እየበላን ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ቢሮ እገባለሁ። ቤቴ ከመጋዘኑ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያ ሰዓት የቢሮውን ኢንተርኔት የሚሻማኝ የለም።

በሩን የሚከፍቱልኝ ጥበቃችን አባባ ናቸው። ሱብሂ ሰግደው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይቀመጣሉ። ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ብቅ ይላሉ።

«ላክሽው?»

«ላክኩት አባባ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ምን እንደምልክ ለረጅም ጊዜ አያውቁም ነበር። ለካ የቡና ናሙና የምልክ መስሏቸው ኖሯል።

ሰው ሲጠይቀኝ «በራስሽ ፍጥነት የሚሄድ ትምህርት ነው አሉ» ይለኛል። አዎ፣ አንድ ጊዜ እንዲያ ነበር። አሁን ደግሞ በከፊል ነው። ግን ይሄ «የራስ ፍጥነት» የሚሉት ነገር ላይ ቅሬታ አለኝ። የኔ ፍጥነት መች የኔ ሆኖ ያውቃል? የቡናው ነው። የመብራቱ ነው። የዶላሩ ነው። ጎረቤት ለቅሶ ሲደርስ የለቅሶው ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

31 ዓመቴ ነው። አካውንቲንግ ሌቨል 4 አለኝ። 12ኛ ክፍል ስፈተን ነጥብ አልመጣልኝም፤ ቴክኒክና ሙያ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የመጋዘን መዝገብ ነው። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ስንት ፈረሱላ ገባ፣ ስንት ኬሻ ወጣ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ይህን የማባዛት ሠንጠረዥ በእንቅልፌም እላችኋለሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲን የማውቀው በባጃጅ መስኮት ነው።

በ2014 ከኔ በኋላ የተቀጠረ ልጅ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ደህና ልጅ ነው፤ በሱ ቂም የለኝም። ግን መዝገቡን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጀንፈልና የታጠበ ቡና ለየብቻ እንደሚመዘገቡ ያሳየሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ አለቃዬን ጠየቅኩ። ሐጂ ነው የምንላቸው።

«ሐጂ፣ ለምን እኔን አላሰቡኝም?»

መቁጠሪያቸውን ትንሽ አንከባለሉ። «ልጄ፣ እኔ አንቺን አውቅሻለሁ። ባንክ ግን አያውቅሽም። ብድር ስጠይቅ የፋይናንስ ኃላፊህ ማን ነው ይለኛል። ወረቀቷን አሳየኝ ይላል። ምን ላሳየው?»

የሚመለስ ነገር አልነበረኝም። ቤት ሄጄ ሽንኩርት ስከትፍ አለቀስኩ። ሽንኩርቱ ጥሩ ሽፋን ነበር።

እዚሁ መማር አልችልም ነበር ወይ? እችል ነበር፤ ማታም አለ፣ ርቀትም አለ። ጓደኛዬ በርቀት ተምራለች። ሞጁሏን በፌስታል ይዛ፣ ቅዳሜና እሁድ ቱቶሪያል እየተቀመጠች ጨረሰች። ከ2015 ጀምሮ የመጣውን የመውጫ ፈተናም ተፈተነች። ጀግና ናት። የኔ ችግር ግን ወቅቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር እኔ ቅዳሜ እሁድ የለኝም። ቡና ሲገባ ሌሊትም ይገባል። አቅራቢው መኪናውን አቁሞ «መዝኑልኝ» ሲል «ክላስ አለኝ» አይባልም። ስለዚህ የፈለግኩት ሲመቸኝ የምሮጥበት፣ ቡና ሲመጣ የማቆመው ትምህርት ነበር።

ያገኘሁት እኛ ግቢ ከተከራየች ነርስ ነው። የሌሊት ተረኛ ሆና ስትመለስ ስልኳ ላይ ታነባለች። «ምንድን ነው?» አልኳት። «ዩኒቨርሲቲ ነው» አለች። ያልኳት ትዝ ይለኛል። «ስልክ ውስጥ?»

ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ሻይ ሬሼፍ የሚባል ሰው ነው የመሠረተው። (አዎ፣ ስሙ ሻይ ነው። የቡና መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ ሻይ ያቋቋመው ትምህርት ቤት ገባሁ።) በ2014፣ ይሄም በፈረንጆቹ ነው፣ የርቀት ትምህርት ተቋማትን ከሚመዝነው የአሜሪካ ኮሚሽን ዕውቅና አገኘ። ለማስተማር አያስከፍልም። ነፃ ነው ማለት ግን አይደለም። ነርሷ ይህን ቀድማ ስለነገረችኝ አመሰግናታለሁ። እኔ በገባሁበት ጊዜ ማመልከቻው 60 ዶላር ነበር። ከዚያ በየኮርሱ የምዘና ክፍያ 120 ዶላር። ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን 40 ኮርስ ነው። አባዙትና 60ውን ጨምሩ፤ 4,860 ዶላር ይመጣል። ሒሳቡን የሠራሁት የመጋዘን ደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። ወረቀቱን አሁንም አልጣልኩትም።

እዚህ ላይ ነው «የራስ ፍጥነት» የመጣው። ነርሷ አንድ ብልሃት ነገረችኝ። ሶፊያ የምትባል ሌላ የኢንተርኔት ትምህርት አለች። ዲግሪ አትሰጥም። ኮርስ ብቻ ነው ያላት፤ የአሜሪካ የትምህርት ምክር ቤት «ክሬዲት ቢሰጣቸው ይገባል» ብሎ ያያቸው ኮርሶች። እነሱን ጨርሰሽ ወደ ዩኒቨርሲቲው ታዛውሪያለሽ። ክፍያው በወር ነው፤ ያኔ 99 ዶላር። በወሩ ውስጥ የቻልሽውን ያህል ጨርሺ። መምህር የለም፣ ቀነ ገደብ የለም፣ የክፍል ጓደኛ የለም። አንቺና ስልክሽ ብቻ።

ስሰማው ደስ አለኝ። ለካ ኮንትራት ባጃጅ ነው። ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ቡና ጠጥቼ ልምጣ ማለት ትችላላችሁ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ሒሳቡ ግን ይቆጥራል።

የ2015 ክረምት ጀመርኩ። ክረምት የመረጥኩት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ነው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ አንድ ኮርስ ነው የጨረስኩት። አንድ! 99 ዶላር ለአንድ ኮርስ። ሰኞ «ማክሰኞ እጀምራለሁ» እላለሁ። ማክሰኞ እንግዳ ይመጣል። ረቡዕ የአክስቴ ጎረቤት ታመመች ይባላል። ሐሙስ ገበያ ነው። አርብ ደክሞኛል። ማንም አልተቆጣኝም። የሚቆጣ ሰው ባለመኖሩ ነው የጠፋሁት።

ሁለተኛው ወር ላይ ነቃሁ። ታናሽ እህቴን አለቃ አደረግኳት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬን ትቀማኛለች፣ ላፕቶፑን ትሰጠኛለች፣ አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ አትመልስልኝም። 17 ዓመቷ ነው፤ ጨካኝ ናት። በቀሩት ሁለት ወራት ሰባት ኮርስ ጨረስኩ። በጠቅላላው ስምንት ኮርስ በ297 ዶላር። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ብወስዳቸው ስምንቱ 960 ዶላር ነበሩ። ለማዛወሩ የሚከፈለው ትንሽ ነገር ቢጨመርበትም ልዩነቱን አያጠፋውም።

ከስምንቱ ውስጥ የወደድኩት ስታቲስቲክስን ነው። ይሄ የሚያስቀው ሰው ይኖራል። እኔ በትምህርት ቤት ሒሳብ ስጠላ ነው ያደግኩት። ግን አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉትን ሳነብ ኬሻዎቼ ትዝ አሉኝ። ለኤክስፖርት የሚዘጋጅ ኬሻ 60 ኪሎ ነው። እኛ ጋ ሁለት ሚዛን አለ። የሁለት ሳምንት ሚዛን ወረቀት ሰብስቤ በየሚዛኑ ለየብቻ አሰላሁት። የአንዱ ሚዛን አማካይ ከሌላው በ400 ግራም ገደማ ዝቅ ይላል። ሁልጊዜ «እርጥበት ነው፣ ቡናው ደርቆ ነው» የምንለው ጉድለት ነበረን። ከፊሉ እርጥበት ሳይሆን ሚዛን ኖሯል። ለሐጂ ወረቀቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ይሄን ስልክሽ ነው ያስተማረሽ?» አሉ። ሚዛኑ በማግስቱ ተስተካከለ።

መስከረም 2016 ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ገባሁ። እዚያ ያለው ነፃነት ሌላ ዓይነት ነው። በዓመት አምስት ተርም አለ፤ እያንዳንዱ ዘጠኝ ሳምንት። በየትኛው ተርም ስንት ኮርስ እንደምትወስዱ እናንተ ትመርጣላችሁ፤ ማረፍም ይቻላል። አንዴ ኮርስ ውስጥ ከገባችሁ ግን በየሳምንቱ ውይይት አለ፣ ጽሑፍ አለ፣ የሌሎችን ሥራ መገምገም አለ። እኔ ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ነው የተፈጠርኩት። ጭራሽ ገመድ የሌለው በሬ አይደለሁም።

የመጀመሪያ ውርደቴን ልንገራችሁ። መዝጊያው በኛ ሰዓት ሐሙስ ጠዋት እንደሆነ ነርሷ አስልታ ነገረችኝ። ስልኬ ላይ ማስታወሻ ጻፍኩ፤ «ሐሙስ 7:55»። በቃ። እኔ 7:55 ሳነብ ምን ይታየኛል? ሰባት ሰዓት ከሃምሳ አምስት። የምሳ ሰዓት። ሐሙስ ከምሳ ቀደም ብዬ ዘና ብዬ ከፈትኩት፤ ተዘግቷል። ለካ የፈረንጅ 7:55 ነው፤ የኛ ለሁለት አምስት ጉዳይ። የስድስት ሰዓት ልዩነት ውስጥ አንድ ሳምንት ሙሉ የሠራሁት ውኃ በላው። መምህሩን ልጻፍለት ብዬ ሞከርኩ። «አገሬ ውስጥ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ነው» ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። ስህተቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬን የምጽፈው በፊደል ነው። «ለሁለት አምስት ጉዳይ።»

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። እንግሊዝኛው አይደለም። መብራቱም አይደለም። የከበደኝ ለሰው ነጥብ መስጠት ነው።

እኔ ስጀምር በየሳምንቱ የሦስት የክፍል ጓደኞቻችንን ጽሑፍ እናነብ ነበር። መመዘኛ ይሰጠን ነበር። በዚያ መሠረት ነጥብ ሰጥተን ምክንያቱን እንጽፋለን። እኔ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም ሙሉ ነጥብ ሰጠሁ። እንዴት አድርጌ እቀንሳለሁ? ሰው ነው። ምናልባት ልጅ አቅፎ ነው የጻፈው። ምናልባት እንደኔ መብራት ሄዶበት ነው። የማላውቀው ሰው፣ የማላውቀው አገር፣ ግን ይሉኝታ ያዘኝ። አንዱ ግማሽ ገጽ ብቻ ጽፎ ነበር። ጥያቄውን ጭራሽ አልመለሰም። 10 ከ10 ሰጥቼ «በጣም ጥሩ፣ በርታ» አልኩት።

መምህሯ አጭር መልእክት ላከችልኝ። «ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን መልሷል ብለሽ ታምኛለሽ?» የሚል ነበር። ስድብ የለውም፣ ቁጣ የለውም። ግን አፈርኩ። ሰው ዓይን ውስጥ የገባ ይመስል ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን ፊቴን ሸፈንኩ።

መልሱን ያገኘሁት እዚያው መጋዘን ነው። የቡና ናሙና ሲመዘን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ናሙናው ተዘርግቶ እንከኑ ይለቀማል። ጥቁሩ ለብቻ፣ የተሰበረው ለብቻ፣ ነቀዝ የበላው ለብቻ፣ ድንጋዩ ለብቻ። ይቆጠራል። ከዚያ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ሙቅ ውኃ ፈሶበት ይቀመሳል። ደረጃ የሚወጣው ከዚያ ነው። የኛ አገር ስም ያለበት «ጅማ 5» የሚባል ደረጃ አለ፤ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። የምንኮራበት ዓይነት መታወቅ ግን አይደለም፤ ዝቅተኛ ደረጃ ነው። ይህን ለአቅራቢው ፊት ለፊቱ መንገር አለ። ሰውየው ከጌራ ወይ ከሊሙ ድረስ ጭኖ መጥቷል። ላቡ አልደረቀም።

ሐጂ እንዴት እንደሚናገሩት አንድ ቀን ልብ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ያስቀምጡታል። ሻይ ይቀርብለታል። ቤተሰቡን ይጠይቃሉ። ከዚያ ናሙናውን መዳፋቸው ላይ አድርገው «ዛፉ ጥሩ ዛፍ ነው» ይላሉ። «ፍሬው ሞልቷል። ግን መሬት ላይ ነው ያሰጣኸው፤ አፈር አፈር ይላል። በሚቀጥለው የማድረቂያ አልጋ ላይ አስጣው።» ዋጋው ላይ ግን አንዲት ሳንቲም አይጨምሩለትም። ሰውየው ቅር ብሎት ሳይሆን አልጋ ስለ መሥራት እያሰበ ይሄዳል።

ያኔ ገባኝ። መመዘኛው ማለት እንከን ለቀማ ነው። ሰውየውን አይደለም የምመዝነው፤ ናሙናውን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ለአንዲት ልጅ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ ምሳሌሽ ከራስሽ ሥራ የመጣ ነው፣ ወድጄዋለሁ፤ ግን ሁለተኛውን ጥያቄ ዘለልሽው፣ ስለዚህ ሦስት ነጥብ ቀንሻለሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ አልዋሽም። ከዚያ በኋላ ግን ለመድኩት። ከትምህርቱ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ቅሪ ብትሉኝ ይሄን እይዛለሁ። አሁን የጉልበት ሠራተኞቹ የቀን ሒሳብ ላይ ጥፋት ሳገኝ አልሸፋፍንም፣ አልጮህምም። «ዛፉ ጥሩ ዛፍ ነው» ብዬ እጀምራለሁ። ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ምን እንደሚከተል ስለሚያውቁ።

ስለ መብራት ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ግልገል ጊቤ ከኛ ብዙም አይርቅም፤ ከ1996 ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ ማለት ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ ውኃው ተንጣሎ ታዩታላችሁ። እኔ ደግሞ በሻማ ስለ ኦፕሬሽን ማኔጅመንት እጽፋለሁ። ዘዴዬ ቀላል ነው። ንባቡን ሁሉ የሳምንቱ መጀመሪያ ላይ አውርጄ አስቀምጣለሁ። ጽሑፌን መጀመሪያ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ላፕቶፑ የሚበራው ለመገልበጥ ብቻ ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ቪዲዮ ካለ ሌሊት ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ቪዲዮውን መስማት አይቻልም፤ የጅማ ዝናብ አስተማሪ አያናግርም።

ዶላሩ ግን ልቤን ሰብሮት ነበር። የሚከፍልልኝ ዱባይ ያለ የአክስቴ ልጅ ነው፤ በካርዱ። እኔ ብሩን እዚህ ለአክስቴ እሰጣለሁ። አክስቴ በባንክ ምንዛሪ ነበር የምትቀበለኝ። ከባንክ ውጭ ዋጋው ምን ያህል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ እሷም ታውቃለች፤ ግን አንድም ቀን አላነሳችውም። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። 6,840 ብር የነበረው 120 ዶላር ከ12,000 በላይ ሆነ። ደመወዜ ግን እዚያው ነው።

አክስቴ ጋ 6,840 ብር ቆጥሬ ይዤ ሄድኩ። ሌላ አልነበረኝም። ተቀበለችኝና ሳትቆጥር መሶቡ ሥር አስገባችው። ቡና አፈላች። ምንም አላለችም። እኔም ምንም አላልኩም። ስወጣ ግን እግሬ አልራመድ አለኝ። ያንን ኮርስ ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ተርም አረፍኩ። ዩኒቨርሲቲው ማረፍ ይፈቅዳል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በኋላ ከክፍያው ከፊሉን የሚሸፍን ድጋፍ አመልክቼ አገኘሁና ተመለስኩ። የአክስቴን ልዩነትም ቀስ በቀስ ከፈልኩ። አልቀበልም ብላ ነበር፤ በስኳርና በዘይት አድርጌ ገባሁ።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፤ እኔ ያጠፋሁትን እንዳታጠፉ። የውጭ አገር ዲግሪን አቻ ግምት የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤት ልግባበት፣ ማስተርስ ልቀጥልበት የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ፤ ከዚያ ገንዘባችሁን አውጡ። እኔ ያጋመስኩት ጊዜ ነው ስለዚህ ነገር ያሰብኩት። በኔ በኩል ሐጂ «የኔ ባንክ የሚፈልገው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነው» ብለዋል። እሳቸው እንደዚያ ካሉ እንደዚያ ነው።

ፈተናው አስቂኝ ነው። አንዳንድ ኮርስ ማጠቃለያ ላይ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል፤ በካሜራ። ሌላ አገር ያለ ሰው ክፍላችሁን አዙራችሁ እንድታሳዩት ይጠይቃል። ጠረጴዛ ሥር፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ። ለእናቴ «ሁለት ሰዓት ማንም አይግባ» ብያታለሁ። እሺ ብላለች። ፈተናው ግማሽ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። እናቴ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሲኒና ቆሎ በትሪ ይዛ። ስክሪኑ ላይ የሰው ፊት ስታይ ጎንበስ አለች።

«እንዴት ዋልክ ልጄ?»

ልጁ ደነገጠ። እኔ መናገር አልችልም፤ ዓይኔን ብቻ አፍጥጬባታለሁ። በእንግሊዝኛ «እባክዎ ክፍሉን ይልቀቁ» አለ። እማዬ ወደኔ ዞራ «ምን አለ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ቡና አይጠጣም እንዴ?» ብላ ትሪውን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ልጁ ትሪውን ጠጋ አድርጌ እንዳሳየው ጠየቀኝ። ሲኒ ውስጥ ወረቀት ተደብቆ እንደሆነ ነው መሰለኝ። ቆሎውን በተን አድርጌ አሳየሁት። ሳቁን ለመያዝ ሲታገል አየሁት። 81 አመጣሁ። ቡናው ቀዝቅዞ ነበር።

እስካሁን ከ40ው 27 ኮርስ ጨርሻለሁ። በቡና ወቅት እቀንሳለሁ፤ አንድ ወይ ጭራሽ ምንም። ከየካቲት በኋላ ሁለት ሁለት እወስዳለሁ። ያ ኃላፊ የሆነው ልጅ አሁን አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው ይባላል። ሐጂ ምንም አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ባለፈው ሐሙስ ከላክኩ በኋላ አባባ በሩን ተደግፈው ቆሙ። አሁን ቡና እንደማልልክ ያውቃሉ።

«ስንት ቀረሽ?»

«አሥራ ሦስት፣ አባባ።»

«በዓመት ስንት ታወጪያለሽ?»

«ቡና ሳይኖር ስድስት። እንዲያ ነው የሚሆንልኝ።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «እንግዲያ ሁለት ቡና ነው የቀረሽ» አሉ።

«አንድ ኮርስ ይተርፋል እኮ።»

ሬዲዮኑን ኪሳቸው ከተቱ። ውጭ የመጀመሪያው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። በሩን ሊከፍቱ እየሄዱ ዞር አሉ።

«እሷንማ በረመዳን ትጨርሻታለሽ። ለስሁር ስነሳ እደውልልሻለሁ።»